የጌንታን ጭራ ማን ቆረጠው?

ታይቹንግ፣ ጃንዋሪ 8

ለተከበሩ አክስቴ ለቡሊክ ማርሲህ፣

ይህ በኢሜይል የላክኩት ጽሑፍ በጤናና በሰላም ያግኝዎት፤ ከባሕር ማዶ ሆኜ እጅዎን ስሜያለሁ። እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ። የብሎን ፋብሪካውም ደህና ነው። ብርዱ ብቻ ነው አልስማማ ያለኝ። ዋኖሶቹስ እንዴት ከረሙ? ንጉሣቸው ጌንታስ?

በስልክ ያልነገርኩዎት «የሒሳብ ወሬ በስልክ አይወራም፣ የጎረቤት ጆሮ ግድግዳ ይበሳል» ስላሉኝ ነው። ነገሩ የዋኖስ መሸጫ ድረ ገጻችን ነው። ፎቶና ቪዲዮ የምናስቀምጥበት ቦታ የሚያስከፍለን በተመልካች ልክ ነው። ሰው ባየና ባዳመጠ ቁጥር ይቆጥራል። ከሁለት ወር ወዲህ ሒሳቡ ጣራ ነካ። ተመልካች በዝቶልን ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ግን አንድም ገዢ አልጨመረም።

ነፃ የተባሉትንም ሞከርኩ። አንደኛው ጌንታ አፉን ከመክፈቱ በፊት አንዲት ሴት ፀጉሯን እየነሰነሰች ስለ ሻምፑ እንድታወራ ያደርጋል። ሌላው የጫጩቶቹን ፎቶ ያለ ማስጠንቀቂያ አጠፋብኝ። አሁን አንድ ርካሽ ቦታ አግኝቻለሁ። ቪዲዮውን ራሱ ጨመቅ አድርጎ ያሳንሰዋል፣ የሚረክሰውም ለዚያ ነው። የድሮውንና የተጨመቀውን አዳምጬ አነጻጽሬያለሁ፣ ለእኔ ልዩነት የላቸውም። አድራሻችን አይቀየርም፤ ያው አድራሻ ወደ አዲሱ ቦታ ይመራል። ላዛውረው ወይ?

ታዛዥዎ ጊላንግ


ባንቱል፣ ጃንዋሪ 12

ሌ ጊላንግ፣

አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፣ ከብርዱም ይጋርድህ። እኛ ደህና ነን፣ ጉልበቴን ካልቆጠርነው።

ጌንታማ ምን ይሆናል! ጠዋት ጎጆውን ምሰሶው ጫፍ ላይ ስሰቅለው «ክላኦ… ከቴክ ከቴክ… ኩኡኡንግ» ይልና ያንን ጭራውን ይጎትተዋል። ሳር የጫነ ሰው ሳይቀር ብስክሌቱን አቁሞ ያዳምጠዋል። የዋኖስ ዋጋው ጭራው ላይ ነው። ድምፁ መጨረሻው ላይ ካልረዘመ ምኑን ዋኖስ ሆነ?

ደስ የሚል ወሬ ልንገርህ። ከታይላንድ ደቡብ ሐጂ ዶላህ የሚባሉ አርቢ ጌንታን በድረ ገጹ ሰምተው ከልጆቹ ሁለት ጥንድ እወስዳለሁ ብለዋል። እሳቸው ከወሰዱልኝ የጎጆዎቹን መሬት ኪራይ ከኢድ በፊት ለመንደሩ ሽማግሌዎች አስረክባለሁ። ካልወሰዱ ግን ከገበያው ማዶ ያለው ያ ዋኖስ ነጋዴ፣ ቱጊማን፣ «ጌንታን ሽጪልኝና ኪራዩን ልክፈልልሽ» እያለ በሬ ላይ ነው የሚያድረው። ጌንታን ከምሸጥ ጥርሴን ባስነቅል ይሻለኛል።

ለኢድ ትመጣለህ አይደል? አምናም ካቻምናም «ንጌህ፣ እሺ» ብለህ ቀርተሃል።

ስለ ማስቀመጫው የጻፍከው፣ ንጌህ።

አክስትህ ማርሲህ


ታይቹንግ፣ ጃንዋሪ 30

ለተከበሩ ቡሊክ ማርሲህ፣

ሰላምና ጤና ከደጅዎ አይራቅ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበርኩ።

ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ሁሉንም ቪዲዮ ወደ ርካሹ ቦታ አዛውሬያለሁ። ሒሳቡ ወዲያው ወረደ፤ ገጹም በፍጥነት ይከፈታል። ሥዕሉ ጥርት ብሏል፣ የጌንታ ደረት ላይ ያለው መስመር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ቢያዩት ይደሰታሉ።

ስለ ኢድ፣ ንጌህ።

ታዛዥዎ ጊላንግ


ባንቱል፣ ፌብሩዋሪ 19

ለክቡር አቶ ጊላንግ፣
በታይቹንግ ከተማ ለሚገኙት የቪዲዮ ሊቅ፣

ጨዋነት ያስገድደኛልና እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከንዴት በስተቀር ደህና ነኝ።

ሐጂ ዶላህ ትናንት ደወሉ። ገንዘቡን ከመላካቸው በፊት ጌንታን እንደገና ላዳምጠው ብለው ገጹን ይከፍታሉ፤ ወንድሞቻቸውንም ዙሪያቸውን ሰብስበው ነበር። ዋኖሱ «ክላኦ» አለ፣ «ከቴክ ከቴክ» አለ፣ ከዚያ «ኩ» ብሎ ቀረ። ኩ! እንደ ተረገጠ እንቁራሪት! «እህቴ፣ ይህ ወፍ ጭራው ተቆርጧል፤ ወይ ታሟል ወይ ሌላ ወፍ ነው፣ አልወስድም» አሉኝ። በወንድሞቻቸው ፊት ነው ያፈሩት። እኔ ደግሞ በእርጅናዬ አጭበርባሪ ተባልኩ።

ያ ርካሽ ቦታዎ ጨመቅ ያደረገው ምን እንደሆነ አሁን ገባዎት? ከጫፉ ያለውን ወፍራሙን፣ ቀስ ብሎ የሚጠፋውን ድምፅ ነው ቆርጦ የጣለው። የምንሸጠው እሱን ነበር!

«ሥዕሉ ጥርት ብሏል» ብለው ጽፈውልኛል። እርስዎ ሰው፣ ዋኖስ ይታያል እንዴ? ለመታየትማ ያባቴ አውራ ዶሮ ይበልጠዋል! ሁለቱን አዳምጠው ልዩነት አላገኙም? ጆሮዎን ምን ነካው? እዚያው አሁን ጌንታ የሚሰቀልበት ምሰሶ ሥር ዳዴ ብለው አልነበር ያደጉት?

ገንዘብ ልላክልዎ ብለው እንዳይጽፉልኝ። ገንዘብ አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት ጭራውን ነው።

ሱማርሲህ


ታይቹንግ፣ ፌብሩዋሪ 27

ለተከበሩ ቡሊክ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት። በሕይወቴ አንድም ቀን «እርስዎ» ብለውኝ፣ በሙሉ ስምዎም ፈርመውልኝ አያውቁም። ቢመቱኝ ይሻል ነበር።

ግን እኔም አፍ አለኝ። ቪዲዮው ይጨመቃል ብዬ ነግሬዎታለሁ። ላዛውረው ወይ ብዬ ጠይቄዎታለሁ። እርስዎ ምን አሉ? «ንጌህ» አሉ! በእጅዎ የጻፉት ነው፣ እዚሁ ይዤዋለሁ። አሁን ጥፋቱ የእኔ ብቻ ሆነ?

ሙሉ ቀን ማሽን ፊት ቆሜ ውዬ፣ ሌላው ሲተኛ እኔ የዋኖስ ፎቶ ሳሳንስ፣ ከዚህ ቦታ ወደዚያ ቦታ ስሸከም አመሻለሁ። ማን አመሰገነኝ? የውዱን ቦታ ሒሳብ ከኪሴ ስከፍል ከርሜያለሁ፣ አልነገርኩዎትም። ርካሹ ጭራ ይቆርጣል፣ ነፃው ሻምፑ ይሸጣል፣ ጥሩው ኪስ ያራቁታል። ምን ላድርግ? ከሰማይ ላውርደው?

እንዲያውም ጌንታን ለቱጊማን ይሽጡትና ሁላችንም እንረፍ!

ጊላንግ


ባንቱል፣ ማርች 3

ለክቡር አቶ ጊላንግ፣

እንደምን ከረሙ። አላህ ዕድሜ ይስጥዎት፣ ማስተዋልም ይጨምርልዎት።

ጌንታ ይሸጥ ብለው ጻፉልኝ። በአፍዎ ቢሉት አፍዎን እይዝ ነበር። በጽሑፍ ሲሆን ምን ልያዝ?

«ንጌህ» ስላሉኝ ነው ይላሉ። ታይዋን ሄደው ቋንቋዎን ረሱ እንዴ? ንጌህ ማለት ቃልዎ ጆሮዬ ደርሷል ማለት ነው። ይሁን ማለት መቼ ሆነ? አማቴ «ልጅሽን ለእህቴ ልጅ እንድራት» ሲሉኝ ዓመት ሙሉ «ንጌህ» አልኩ፣ ዳርኳት? የመንደሩ ሹም «አጥርሽን አፍርሺ» ሲለኝ «ንጌህ» አልኩት። አጥሬ ይኸው ቆሟል! ሰው «ንጌህ» ሲልዎት ቆም ብለው ፊቱን ያያሉ። ፊቱ ሩቅ ከሆነ ደግሞ ደግመው ይጠይቃሉ። ይህን ያስተማርኩዎት እኔ አይደለሁም?

ለነገሩ እርስዎ የንጌህ ጌታ ነዎት። ለኢድ ይመጣሉ? ንጌህ። አምና? ንጌህ። ካቻምና? ንጌህ። እሺ ከሺህ ይበልጣል ይባላል፣ የእርስዎ እሺ ግን አንድ ሳንቲምም አያወጣ።

ቱጊማን ዛሬም መጥቶ ሻዬን ጠጥቶ ሄደ። የሽማግሌዎቹ ቀጠሮ እየደረሰ መሆኑን አስታወሰኝ፣ ደግነቱ! ይልቅ አንድ ነገር አሳቀኝ። እሁድ የዋኖስ ድምፅ ውድድሩ ላይ ሰዎች ስልክ ከበው ይሳለቁበት ነበር። እሱም ድረ ገጽ አለው፣ ከከተማ ሰው ቀጥሮ ያሠራው፣ ከእኛ አሥር እጥፍ ሰው የሚያየው። በዚያ ላይ «ስሪ ዉሉንግ» እያለ የሚያወድሰው ዋኖሱ እንደኛው ሰሞኑን ጭራው ተቆርጧል! የእሱን ስሪ ዉሉንግ በዓይኑ ያየ ሰው ደግሞ እስከዛሬ የለም። አላህ ሲመታ ለሀብታምም አያዳላ ብዬ እያረርኩ ሳቅኩ።

ሱማርሲህ


ታይቹንግ፣ ማርች 4

ቡሊክ፣

ጠባችንን ለአንድ ቀን እናቆየው። የሰው ጆሮ ማዳመጫ ይዋሱና የቱጊማንን ገጽ ይክፈቱ። ወፉን አያዳምጡ፣ ከወፉ ኋላ ያለውን ያዳምጡ። ዛሬውኑ።

ጊላንግ


ባንቱል፣ ማርች 5

ሌ! ሌ ጊላንግ!

ሰላምታውን ቆይተህ ትቀበላለህ። ደሜ ፈልቷል።

ማዳመጫውን ከመድኃኒት ቤቷ ልጅ ተዋስኩና ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። «ክላኦ» አለ። «ከቴክ ከቴክ» አለ። ከኋላው ደግሞ አንዲት ሴት «ሂጂ ከዚህ፣ አንቺ ሆዳም! የወፉን እህል ጨረስሽው!» ትላለች። እኔ ነኝ! ጌንታን በቀረጽንበት ጠዋት ዳክዬዋን ሳባርር! የራሴ ጩኸት ከቱጊማን ገጽ!

ስሪ ዉሉንግ የሚባል ወፍ የለም። ጌንታ ነው። አሁን ገባኝ፣ ለምን ጌንታን ሽጪልኝ እያለ እንደሚያሸኝ! ድምፁን አስደምጦ ሰው ጓጓለት፣ ሰዉ «ወፉን አሳየን» ሲለው የሚያሳየው አጣ። እኔ ላይ እየተሟሟቀ የመጣው ለዚህ ነው። ለካስ በሬ ካራጁ ይውላል! ቤቴ ተቀምጦ፣ ሻዬን ጠጥቶ፣ የጨስኩበትን ኪራይ እያስታወሰኝ! የጠጣው ሻይ ደም ሆኖ ይውጣው!

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ከሰረቀ ሰረቀ፤ ጭራው እንዴት በአንድ ሰሞን የሁለታችንም ተቆረጠ? አንተ ይህን ፍታልኝ። ፍታልኝና ምን እንደምናደርገው ንገረኝ፣ አለዚያ መጥረጊያዬን ይዤ እሄድለታለሁ።

አክስትህ


ታይቹንግ፣ ማርች 12

ለተወደዱ ቡሊክ፣

እንደ ድሮው «ሌ»፣ ልጄ፣ ብለው ጻፉልኝ። «አንተ» አሉኝ። ሲናደዱ አምልጦዎት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቢሆንም ጓደኞቼ ምን ያስቅሃል እስኪሉኝ ድረስ ደጋግሜ አነበብኩት።

ቱጊማን ቪዲዮውን ቀድቶ አልወሰደም። ቢወስደውማ ጭራው እሱ ጋ በደህና ይቀር ነበር። ገጹ ላይ የእኛን አድራሻ ነው የለጠፈው። አንድ ሰው እሱ ዘንድ ሲጫን ጌንታ የሚጠራው ከእኛ ማስቀመጫ ነው፣ ሒሳቡም የሚቆጥረው በእኛ ላይ ነው። እኔ ቦታ ስቀይር አድራሻውን ስላልቀየርኩ እሱም ሳያውቀው ተከትሎን ርካሹ ቦታ ገባ። ተመልካች በዝቶ ገዢ ያልጨመረው ለዚህ ነው፤ ተመልካቹ የእሱ ነበር። ያ ጥሩው ቦታ ውድ አልነበረም፣ ቡሊክ። ሁለት ቤት እየቀለብን ነው። ይህን ሳውቅ ብሎኑን በእጄ የማጠብቀው መሰለኝ!

ቪዲዮዎቹን ሳይጨመቁ ወደ ቀድሞው ቦታ መልሻለሁ። ለእኛ ገጽ አዲስ አድራሻ ሰጥቻለሁ፤ ሌላ ገጽ ቢጠራው አይከፍትም። ደግሞም ሰው እስኪጫነው ድረስ ፎቶው ብቻ ይታያል፣ ቪዲዮው በከንቱ አይወርድም። እንዲህ ሆኖ የማስቀመጫው ሒሳብ ከርካሹም አይብስም። የድሮው አድራሻ ግን አሁንም አለ፣ ቱጊማንም አሁንም እየጠራው ነው። እዚያ ላይ የፈለግነውን ማስቀመጥ እንችላለን። ምን ላስቀምጥበት?

አዲሱን ግን እርስዎ አዳምጠው ይፍረዱ። እኔ አልችልም። ጆሮህን ምን ነካው ብለውኝ ነበር፤ ማሽኑ ነካው። ካምና ጀምሮ የድምፅ መጨረሻው አይሰማኝም፣ ሰው ሲያወራም የቃሉ ጫፍ ይጠፋብኛል። ሁለቱ ቪዲዮዎች ለእኔ አንድ የነበሩት ለዚያ ነው። እንዳይጨነቁ ብዬ ዝም አልኩ፤ ዝም ማለቴ ግን ወፉን ሊያሸጥ ነበር።

ለኢድ አልመጣም። ንጌህ አላልኩም ቡሊክ፣ አልመጣም ነው ያልኩት። ፈቃድ የሚሰጡት ውሉን ለሦስት ዓመት ላደሰ ነው። እኔ አላድስም። በሴፕቴምበር ያልቃል፤ ያኔ ጠቅልዬ እመጣለሁ።

የእርስዎው ጊላንግ


ባንቱል፣ ኤፕሪል 10

ሌ ጊላንግ፣

የአላህ ሰላም ካለህበት ድረስ ይምጣልህ። ያንን ፋብሪካ ደግሞ አላህ ብሎኑን ሁሉ ያላላው! የልጅ ጆሮ የሚበላ ፋብሪካ! አለቀስኩም፣ ተሳደብኩም፣ ደግሞ አለቀስኩ። ስትመጣ መጀመሪያ የጆሮ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን። ከዚያ ጌንታ ምሰሶ ሥር ትቀመጣለህ። ጭራው ካልተሰማህ እኔ አጠገብህ ሆኜ «ይኸው አሁን ረዘመ፣ አሁንም አለ፣ አሁን ጠፋ» እልሃለሁ።

«አልመጣም» ማለትህ አንጀቴን በላኝ፣ ግን ከሦስት ዓመት ንጌህ ይልቅ ያንተ አንድ አልመጣም ልቤን አሳረፈው። ሴፕቴምበር ያልከውን ቃል ይዤብሃለሁ።

አዲሱን አዳመጥኩት። ሙሉ ነው። ሐጂ ዶላህን ደውዬ «እስቲ ወንድሞችዎን ይሰብስቡና አሁን ይክፈቱት» አልኳቸው። ጌንታ ጭራውን እስከ መጨረሻው ጎተተው። ከዚያ ሐጂው «እህቴ፣ ይቅር በይኝ» አሉ። ሁለት ጥንድ ያሉትን ሦስት አደረጉት። የመሬቱ ኪራይ ተከፍሏል፣ ጌንታ ምሰሶው ላይ ነው፣ ኢድንም እዚያው ያደርጋል።

አሁን ወደ ቱጊማን እንምጣ። በድሮው አድራሻ ላይ እንድታስቀምጠው የላክኩልህን ቪዲዮ አስቀምጠኸዋል አይደል? ቀሚሴን ለብሼ፣ ጸጉሬን ጠቅልዬ፣ ከንጉሥ ፊት እንደቆምኩ አድርጌ የተናገርኩትን፦ «የተከበራችሁ ደንበኞች፣ እንደምን ዋላችሁ። ስታዳምጡት የኖራችሁት ዋኖስ ስሙ ጌንታ ይባላል፤ ቤቱም ባንቱል፣ ከእኔ ከማርሲህ ዘንድ ነው። ሳታውቁ ስላዳመጣችሁት ምንም ቅሬታ የለኝም። እርስዎን ግን፣ ክቡር አቶ ቱጊማን፣ ዳክዬዬ እንኳ ታዝባዎታለች።»

ሰውየው ገጹን ራሱ ከፍቶ አያይም ማለት ነው፤ ያወቀው እሁድ ውድድሩ ላይ ነው። ከጃካርታ የመጡ ሀብታሞችን ሰብስቦ «እስቲ ስሪ ዉሉንግን ስሙልኝ» ብሎ ስልኩን በድምፅ ማጉያው አገናኘው። እኔ ወጣሁ! ሜዳው በሙሉ ሰማኝ። ዳኞቹ እየሳቁ ወረቀታቸውን ጣሉ። እንዲያ አድርጌ «እርስዎ» ያልኩት ሰው ካንተ ሌላ እሱ ብቻ ነው፣ ላንተ ያባከንኩት ይቆጨኛል።

ድረ ገጹን የሠራለት የከተማው ሰው ገንዘቤ አልተከፈለኝም ብሎ ገጹን አልነካም ብሎታል አሉ። ስለዚህ ትናንት ራሱ መጣ። ሻይ አላቀረብኩለትም። በሩ ላይ ቆሞ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ወይዘሮ ማርሲህ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ያንን ነገር ከገጼ ላይ ያስነሱልኝ፤ ሰው ፊት መውጣት አቃተኝ» አለኝ።

እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ጎንበስ አልኩና፣ በለሰለሰ ድምፅ «ንጌህ» አልኩት።

አክስትህ ማርሲህ